ጥፋቱ የቦርዷ ነበር ወይስ የኔ?

ባለፈው እትም መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ጣል አድርጌ ነበር፤ «የመጀመሪያ ስኖውቦርዳችሁን ታስታውሳላችሁ?» የሚል። ሁለት እግር ታስሮበት በረዶ ላይ ቆመው የሚንሸራተቱበትን ሰሌዳ ማለቴ ነው። እውነቱን ለመናገር ገጹ ላይ ትንሽ ቦታ ስለተረፈ ነው የጻፍኩት። ደብዳቤው ግን ጎረፈ። ግማሹ ፍቅር ነው፣ ግማሹ ክስ። አንዱ የቦርዱን ቀለም ከነጭረቱ ይዘረዝራል፣ ሌላዋ «ስሙን አታንሱብኝ» ብላ ሁለት ገጽ ሙሉ ታነሳዋለች። ሁሉንም ማተም አይቻልም። ጥያቄ ያለባቸውን አምስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው መልስ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ምድር ቤቱን ሳጸዳ ከአሮጌ ምንጣፍ ጀርባ የመጀመሪያ ቦርዴን አገኘኋት። ሃያ ምናምን ዓመቷ ነው። ሁለት የበረዶ ወቅት ተንሸራተትኩባት፣ ከዚያ ተስፋ ቆርጬ ተውኩት። ስለሷ የማስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትጠላኝ ነበር። መታጠፍ ስፈልግ አትታጠፍም፣ ቀጥ ልበል ስል ትጠመዘዛለች፣ ደህና እየሄድኩ ነው ስል ደግሞ አሽቀንጥራ ትጥለኛለች። ባለቤቴ «ወይ ተጠቀሚባት ወይ ጣያት» ይለኛል። ልጥላት ስል እጄ እምቢ አለኝ። ጥያቄዬ ሁለት ነው። ቦርዷ እውነት መጥፎ ነበረች ወይስ እኔ ነኝ የማልችለው? ደግሞስ አሁን አንዴ ብሞክራት ጉድ ትሠራኛለች? (እጄ እምቢ ያለኝ)

መልስ፦ እህቴ፣ «ትጠላኝ ነበር» ያልሽው አሳቀኝ። እኔም አንድ ወቅት ሙሉ ይህንኑ ሳምን ከርሜያለሁ። መጀመሪያ የኔን ልንገርሽ፣ ከዚያ ወደ አንቺ እንመለሳለን።

የመጀመሪያ ቦርዴ ሁለተኛ እጅ ነበረች ብዬ ነው የማወራው፤ ሦስተኛ እጅ ሳትሆን ግን አትቀርም። ጭራዋ (የኋላ ጫፏ) ላይ በማርከር የሁለት ሰው ስም ተጽፎ ሁለቱም ተሰርዟል። ቀለሟ ወይን ጠጅ ነው። አፍንጫዋ (የፊት ጫፏ) ላይ የእንቁራሪት ተለጣፊ ነበረ፣ ተላጥቶ ተላጥቶ እግሮቹ ብቻ ቀርተዋል። ርዝመቷ 168 ሳንቲ ሜትር ነው፣ እኔ ደግሞ 166 ነኝ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያኔ የነገረኝ የለም። ለጀማሪ የሚመከረው ቦርድ ሲቆም አገጭና አፍንጫ መሃል የሚደርስ ነው፤ የኔዋ ከአናቴ በላይ ታያለች። የሸጠልኝ ሰው «ረዥም ቦርድ ፍጥነት አለው» አለኝ። አልዋሸም፣ አለው። ማቆሙን ነው ያልነገረኝ።

ጫማን ከቦርዱ ጋር የሚያያይዙት ማሰሪያዎች አብረዋት ነበሩ፣ ግራ እግር ከፊት እንዲሆን ተገጥመው። አብዛኛው ሰው የሚቆመው እንደዚያ ነው፤ ሬጉላር ይሉታል። ቀኙን የሚያስቀድመው ደግሞ ጉፊ ይባላል። እኔ የትኛው ነኝ ብዬ አልጠየቅኩም። ሰው ሁሉ ግራውን ካስቀደመ እኔም ግራዬን ነዋ! ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንደሚባለው፣ ሁለት እግሬን አሳስሬ ቁልቁል ወረድኩ።

አወዳደቄ ሁሌም አንድ ዓይነት ነበር። ተረከዜ ላይ ተደግፌ፣ ቦርዷን አግድም ይዤ በረዶውን እየፋቅኩ እወርዳለሁ። እስከዚህ ደህና ነው። ልታጠፍ ስል አፍንጫዋ ወደ ቁልቁለቱ ይዞራል፣ ፍጥነት ትጨምራለች፣ እኔ እደነግጥና ወደ ኋላ እሸሻለሁ፣ ቦርዷ ዘርጋ ብላ ትተኛለች፣ በዚያች ቅጽበት የቁልቁለቱ በኩል ያለው ጠርዝ በረዶውን ንክስ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ወይ ሰማዩን ነው ወይ አፌን የሞላውን በረዶ። ደግሞ እኛ ሁሉንም «በረዶ» ነው የምንለው፤ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚጋገረውንም፣ እንደ ጥጥ የሚከመረውንም። ቦርድ ላይ የቆመ ሰው ግን ልዩነቱን በመቀመጫው ይማራል።

ወቅቱ ሊያልቅ አካባቢ አንድ ቀን ቦርዷን ታቅፌ ወደ መኪናው እየሄድኩ፣ መሬት ላይ የረጋ በረዶ አየሁና ተንደርድሬ በጫማዬ ተንሸራተትኩበት። ልጅነት ነው እንግዲህ። አሥር ዓመት የማይሞላው አንድ ልጅ ስኪውን፣ በየእግሩ አንዳንድ የሚታሰረውን መንሸራተቻ፣ ተሸክሞ ቆሞ ያየኛል። «አንተ ጉፊ ነህ» አለኝ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። «አሁን ቀኝ እግርህን ነው ያስቀደምከው። ቦርድ ላይ ለምንድነው ግራህን የምታስቀድመው?»

መልስ አልነበረኝም።

ማታ ወለሉ ላይ ጋዜጣ ዘርግቼ አስተኛኋት። በእያንዳንዱ ማሰሪያ መሃል በአራት ብሎን የታሰረ ክብ ነገር አለ። በድምሩ ስምንት ብሎን ማለት ነው። ሰባቱ በካቻቢቴ እሺ ብለው ወጡ፤ ስምንተኛዋ ግን ጭንቅላቷ ተበልቶ ካቻቢቴው ዝም ብሎ ይዞርባታል። በመጨረሻ ጠፍጣፋ ላስቲክ ብሎኗ ላይ አድርጌ፣ በላዩ ካቻቢቴውን በሰውነቴ ክብደት ተጭኜ ቀስ እያልኩ ሳዞር ነው የወጣችው። ማሰሪያዎቹ ሲነሱ ከሥራቸው ሁለት ንጹህ ክቦች ታዩ። ወይን ጠጁ እዚያ ጋ ብቻ ገና ከፋብሪካ እንደወጣ ያበራል። የቀረው ምን ያህል እንደደበዘዘ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። የቀኙን ማሰሪያ ወደ ፊት፣ የግራውን ወደ ኋላ አደረግኩ፣ የጣቶቹን አቅጣጫ ወደ ሌላኛው ጠርዝ አዞርኩና ጠበቅ አድርጌ አሰርኩት። ያቺን ጥጋበኛ ብሎን ሳይጨምር አሥራ አምስት ደቂቃም አልፈጀ።

በማግስቱ ከምሳ በፊት ስድስት ኩርባ አከታትዬ ታጠፍኩ። ቆጥሬያቸዋለሁ። ሰባተኛው ላይ ወደቅኩ፣ እሱ ግን የቦርዷ ጥፋት ነው።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባል የለ፤ የራሴን እግር ሳልጠይቅ ቦርዷን ስራገም ነው የከረምኩት። ግን ሙሉ በሙሉ ነጻ አላወጣትም። ለኔ በጣም ረዥም ነበረች፣ በጣም ግትርም ነበረች፤ በጉልበትሽ ካልሆነ የማትተጣጠፍ። ጎበዝ ሰው እሷ ላይ ይበር ይሆናል። ጀማሪ ግን ሲሳሳት ትንሽ የሚታገሰው ቦርድ ነው የሚያስፈልገው፣ እሷ ደግሞ መታገስ የሚባል አታውቅም።

ያንቺዋም በዕድሜዋ ከዚያው ወገን ትመስለኛለች። በዚያ ዘመን አብዛኛው ቦርድ ካምበር የሚባለው ቅርጽ ነበር። ጠፍጣፋ ወለል ላይ ስታስቀምጫት ወገቧ ትንሽ ብድግ ይላል፣ መሬት የምትነካው አፍንጫዋና ጭራዋ አካባቢ ብቻ ነው። ስትቆሚባት ወገቧ ይወርድና ክብደትሽን ለጠርዙ በሙሉ ታዳርሳለች። ለዚህ ነው ጠጣር በረዶ ላይ ጥሩ አድርጋ የምትይዘው። ለጀማሪ ግን እነዚያ ሁለት ጫፎች ወጥመድ ናቸው፤ ትንሽ ከተዘናጋሽ መጀመሪያ የሚነክሱት እነሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ሮከር የሚሉት ተስፋፋ። አፍንጫውና ጭራው ቀደም ብለው ወደ ላይ ስለሚነሱ ጠርዙ እንደዚያ በቀላሉ አይነክስም። የዛሬ ጀማሪ በአንድ ቀን ኩርባ ሲያከታትል አይተሽ «እኔ ምን ሆኜ ነው?» ብለሽ ከሆነ፣ መልሱ በከፊል ይኸው ነው። የቀረውን ደግሞ ካልሲ አድርጊና ልሙጥ ወለል ላይ ተንደርድረሽ ተንሸራተቺ፤ የትኛው እግርሽ እንደሚቀድም ባለቤትሽ ይይልሽ። ከዚያ ምድር ቤት ወርደሽ ማሰሪያዎቹን እዪ። ውጤቱን ጻፊልኝ፣ በጣም ጓጉቻለሁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ። እንጨትና ፋይበርግላስ በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ብዙ ዓመት ይቆያል። ምድር ቤቱ እርጥበት ካለው ግን ሌላ ነገር ነው። ቦርዷን ብርሃን ላይ አውጫትና ጎኗን ዙሪያውን በአውራ ጣትሽ እየተጫንሽ ሂጂ። የላይኛው ሽፋን ከጎኑ ተላቆ ከሆነ ወይም ስትጫኚው የሚንጫጫ ቦታ ካገኘሽ ውኃ ገብቶ እንጨቱን በልቶታል ማለት ነው፤ አይሆንም። የብረቱ ጠርዝ ላይ ያለ ብርቱካንማ ዝገት ብዙ አያስፈራ፣ በሞረድ ይወጣል። ጠርዙ ከተሰነጠቀ ወይም ከቦርዱ ከተገነጠለ ግን ተያት። ከሥር ያለው ፕላስቲክ ነጣ ብሎ ከደረቀ ሰም ጠምቶት ነው። ሰሙን በካውያ አቅልጠሽ ታንጠባጥቢበታለሽ፣ በዚያው ካውያ ትዳምጪዋለሽ፣ ግማሽ ሰዓት አቀዝቅዘሽ በፕላስቲክ መፋቂያ ትፍቂዋለሽ። ካውያው ከጨሰ ግለቱ በዝቷል። ደግሞ እባክሽ የልብስ ካውያችሁን እንዳትነኪ፤ ሰም የነካው ካውያ ወደ ሸሚዝ አይመለስም፣ ባለቤትሽም ሌላ ክርክር ይጨምርልሻል።

እኔን የሚያሳስበኝ ቦርዷ ሳትሆን ማሰሪያዎቹ ናቸው። ፕላስቲክ ሲያረጅ ይደርቃል፣ ብርድ ሲነካው ደግሞ እንደ ብስኩት ነው የሚሰበረው። እየሄድሽ አንዱ ማሰሪያ ቢበጠስ አንድ እግርሽ ታስሮ ሌላው ነጻ ይሆናል፣ ጉልበትሽ ደግሞ እሱን አይወድም። የድሮ ቦት ጫማሽም ካለ ሶሉን እጠፊው፤ ሃያ ዓመት የተቀመጠ ሶል ብዙ ጊዜ በእጅ ላይ ይፈረፈራል። ስለዚህ ቦርዷ ፈተናውን ካለፈች ሌላ ማሰሪያና ሌላ ጫማ አድርጊ፣ ለዘብ ያለ ቁልቁለት ምረጪ፣ በረዶው ለስለስ ያለበት ቀን ይሁን። ሄልሜትም አድርጊ፤ ያኔ ብዙዎቻችን አናደርግም ነበር። ፈተናውን ካላለፈች ደግሞ ግድግዳ ላይ ስቀያት። የሚጣል ነገር ቢሆን ኖሮ እጅሽ እምቢ ባላለ።

ጥያቄ፦ ከልጄ ጋር ተወራርጄ ነው። እኔ ስኖውቦርድን የፈጠረው በርተን ነው እላለሁ፤ የመጀመሪያ ቦርዴ ላይ ስሙ በትልቁ ተጽፎ ነበር እኮ። ልጄ «አይደለም» ብሎ ድርቅ አለ። የተሸነፈ እራት ይጋብዛል። (ተወራራጁ አባት)

መልስ፦ ጋሼ፣ እራቱን ያዘጋጁ።

ቦርድዎ ላይ የተጻፈው የአምራቹ ስም ነው። ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 በፈረንጆቹ ገና ዕለት ነው፤ አሜሪካ፣ ሚሺጋን ውስጥ መስኪገን በምትባል ከተማ። ሸርማን ፖፐን የሚባል መሐንዲስ ነበር። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፣ ልጆቹ ቤቱን አተራምሰውታል፣ እሷም ይዘህልኝ ውጣ አለችው። ውጭ ሲወጡ አንዷ ልጁ በረዶ ላይ ቆማ ለመንሸራተት ስትሞክር አያት። ሁለት ስኪ ጎን ለጎን አያያዘና «በይ ቁሚበት» አላት። በቃ። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ለኔም ለኔም አሉ። ስኖውና ሰርፈር የሚሉትን ቃላት አጋብታ «ስነርፈር» ብላ ስም ያወጣችለት ሚስቱ ናንሲ ናት። ብዙም ሳይቆይ ብረንስዊክ የተባለው ኩባንያ አምርቶ ይሸጠው ጀመር። ማሰሪያ የለውም፤ አፍንጫው ላይ ገመድ አለ፣ እሱን እንደ ልጓም ይዘው መውረድ ነው።

በርተንም ቢሆን የዋዛ አይደለም። ጄክ በርተን ካርፔንተር በ14 ዓመቱ ስነርፈር የነበረው ልጅ ነው። በ1977 ቨርሞንት ውስጥ የራሱን ድርጅት ከፈተ። በ1979 ሚሺጋን ውስጥ በተደረገ የስነርፈር ውድድር ላይ እግር ማሰሪያ የገጠመለትን የራሱን ቦርድ ይዞ መጣ። «ይሄ ስነርፈር አይደለም» ብለው ተቃወሙት። በኋላ ለሱ ሲባል ሌላ ምድብ ተከፈተለት፣ ብቻውን ገባበት፣ አሸነፈ። ይህን ታሪክ በጣም ነው የምወደው። ልጅዎ ደግሞ ሌሎቹን ፈር ቀዳጆች፣ ቶም ሲምስንና ዩታ ውስጥ ዊንተርስቲክ የተባለውን የቦርድ ድርጅት የመሠረተውን ዲሚትሪ ሚሎቪችን፣ ካነሳ ዝም ብለው ይስሙት፤ እውነቱን ነው፣ ነገሩ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ሲምስ ገና በ1963፣ ትምህርት ቤት እያለ፣ የበረዶ ስኬትቦርድ ብጤ ሠርቶ ነበር።

ለእርስዎ ማጽናኛ የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ቦርድ ገዝቶም የሚወጣበት ተራራ ያጣበት ዘመን ነበር፤ አብዛኞቹ የስኪ ቦታዎች ቦርድ የያዘ ሰው አያስገቡም ነበር። ቨርሞንት ያለው ስትራተን በ1983 በሩን ሲከፍት ትልቅ ነገር ነበር፣ ያውም በፈተና ነው፤ መታጠፍና መቆም መቻልህን አሳይ ይሉሃል። በ1998 ጃፓን፣ ናጋኖ ላይ ስኖውቦርድ ኦሊምፒክ ገባ። ዛሬም ታዲያ አልታ፣ ዲር ቫሊና ማድ ሪቨር ግሌን የሚባሉት ሦስት የአሜሪካ ቦታዎች ቦርድ አያስገቡም። ፖፐንም በርተንም በ2019 ነው ያረፉት፣ በወራት ልዩነት። ልጅዎ ይህን ካላወቀ ቢያንስ ለጣፋጩ እሱ ይክፈል።

ጥያቄ፦ የራሴ ቦርድ ኖሮኝ አያውቅም። ግን ለሦስት ወቅት ከአንድ ቦታ ያንኑ አንድ ቦርድ እየመረጥኩ ስከራይ ነበር፤ ቁጥሩ 41፣ አረንጓዴ፣ አፍንጫው ላይ የተነከሰ የሚመስል ጎደሎ አለው። የመጀመሪያ ቦርዴ እሱ ነው ብል ውሸት ነው? ጓደኞቼ ይስቁብኛል። (ቁጥር 41)

መልስ፦ ውሸት አይደለም፣ ግን ትንሽ ይቀራል። የኪራይ ቦርድ ማታ ትመልስና እጅህን አራግፈህ ትሄዳለህ። የራስህ ሲሆን እርጥብ ቦርድ መኪና ውስጥ ረስተህ ጠዋት ጠርዙ ዝጎ ታገኘዋለህ፣ በሙቀት ወራት የት ላቁመው እያልክ ከአልጋ ሥር ወደ በር ጀርባ፣ ከበር ጀርባ ወደ አልጋ ሥር ስታዛውር ትከርማለህ። ቁጥር 41 ይህን ሁሉ ሌላ ሰው ነው ያደረገለት። በነገራችን ላይ ኪራይ ቤቶች አሮጌ ቦርዶቻቸውን ወቅቱ ሲያልቅ የሚሸጡበት ጊዜ አለ። ሄደህ ጠይቅ። ማን ያውቃል።

ጥያቄ፦ ታላቅ ወንድሜ የመጀመሪያ ቦርዱን ሰጠኝ፣ አሁን የኔ የመጀመሪያ ሆነች ማለት ነው። ደስ ብሎኛል፣ ግን ችግር አለ። እሱ 40 ቁጥር ጫማ ነው የሚያደርገው፣ እኔ 45። ስቆምባት ጣቶቼ ከቦርዱ ውጭ ይተርፋሉ። በጣቴ በኩል ስታጠፍ ጫማዬ በረዶውን ያርሳል፣ ከዚያ እወድቃለሁ። ወንድሜ «ልምድ ማነስ ነው» ይላል። (45 ቁጥር)

መልስ፦ ወንድምህን በክብር ንገረው፤ ልምድ ማነስ አይደለም፣ እግር መብዛት ነው።

ቦርድ ርዝመት ብቻ አይደለም ያለው፣ ወገብም (የመሃል ስፋት) አለው። ጠርዙ ላይ ስትጋደም ጫማህ ቀድሞ በረዶ ከነካ ጠርዙ ከመሬት ይነሳል፣ አንተም አብረኸው ትነሳለህ። ጫማ ከሁለቱም በኩል ትንሽ ማለፉ ችግር የለውም፣ እንዲያውም ለጠርዙ ኃይል ይሰጣል፤ ግን ስታጠፍ እስከሚያርስ መሆን የለበትም። የማሰሪያዎቹን አንግል ሰፋ ማድረግ ትንሽ ይረዳል። የፊተኛው እግር ወደ ፊት፣ የኋለኛው ወደ ኋላ ዞር ሲል፣ እንደ ዳክዬ፣ ጣቶችህ ወደ ውስጥ ይገባሉ። 45 ቁጥር ግን በአንግል ብቻ የሚደበቅ አይመስለኝም። ሰፊ ቦርድ ያስፈልግሃል፤ ለትልቅ እግር ተብሎ የሚሠራ አለ።

ልትገዛ ስትሄድም ከጫማ ጀምር። ይህን ለሁሉም ነው የምለው። ሰው ቦርዱን በሥዕሉ ይመርጥና ጫማው ላይ ይቆጥባል፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ተረከዙ እየተነሳበት ቦርዱን ይሰድባል። ጫማው ቆመህ ጣትህ ጫፉን ዳሰስ የሚያደርግ፣ ጉልበትህን ስታጥፍ ደግሞ ትንሽ ወደ ኋላ የሚሸሽ ይሁን። ርዝመቱን ከቁመትህ ይልቅ በክብደትህ ምረጥ፤ አምራቾቹ ከየቦርዱ ጋር የክብደት ሠንጠረዥ ያወጣሉ። ለስለስ ያለውን ውሰድ። ስትወድቅ እጅህን ዘርግተህ መሬት አትያዝ፤ ጀማሪ ቦርደኛ በብዛት የሚጎዳው የእጅ አንጓውን ነው። ጨብጥና በክንድህ ውደቅ።

የወንድምህን ቦርድ አትመልስለት። ስጦታ ነው።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ቦርዴን ከስድስት ዓመት በፊት ሸጥኳት። ባለፈው ሳምንት ወደ ተራራው የሚያወጣው ሊፍት ሰልፍ ላይ ቆሜ ከፊቴ አንድ ወጣት እሷን አስሯት አየኋት! እሷ ራሷ ናት፤ ሰም ስቀባት ካውያው ያቃጠለው ምልክት ጭራዋ ላይ እንዳለ ነው። የኋለኛው ማሰሪያ ጋ ሦስተኛዋ ብሎን ሁሌ እየላላች ታስቸግረኝ ነበር፣ ዓይኔ መጀመሪያ የሄደው እዚያ ነው። ልናገረው አልኩና አፈርኩ። «ይቺ የኔ ነበረች» ቢሉት ምን ይላል? መልሼ ልግዛት ብለው ነውር ነው? ቦታው ላይ ሁሌም የሚመጣ ልጅ ነው መሰለኝ፣ እንደገና አገኘዋለሁ። (ያፈርኩት)

መልስ፦ መልሰህ እንዳትገዛት። ስድስት ዓመት ሌላ ሰው የተንሸራተተባትን ቦርድ ብትቆምባት አታውቅህም። እንዴት ደስ እንደሚል ታስብና ሁለት ኩርባ ታጥፈህ «ይቺ ናት እንዴ?» ትላለህ። የኔዋን ወይን ጠጅ በጭራዋ ላይ ስሜን ጽፌ፣ እንደ ሁለቱ ሰዎች እኔም ሰርዤ ነው የሸጥኳት፤ ዛሬ ባገኛት ስንት ስም ተጨምሮ ይሆን ብዬ ጭራዋን አይ እንደሆነ እንጂ ልንሳት አልልም።

ልጁን ግን አናግረው። ስለ ትዝታህ አታውራለት፣ ሰልፍ ላይ ሰው ትዝታ አይሰማም። ስለ ሦስተኛዋ ብሎን ንገረው፣ ካቻቢቴ ኪስህ ውስጥ ይዘህ ሂድ።